እስከ አፉ የተሞላ ጠርሙስ

በከተማው ተኩስ መሰማት ከጀመረ ወዲህ፣ ባሏ ለሠርክ ጸሎት ሄዶ እስኪመለስ ልቧ አያርፍም። ዛሬም ገና ሳይመለስ «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማች። ልጇን አዜብን ጎትታ አልጋ ሥር ገባች።

አዜብ ግን ቀስ ብላ ወጣችና የፍሪጁን ፍሪዘር ከፈተች። «እማዬ፣ ነይ እዪው። የጸበልሽ ጠርሙስ ነው የፈነዳው።»

«ጸበል ጎደሎ አይቀመጥም ብዬ እስከ አፉ ሞላሁት እንጂ ምን አደረግኩት?»

«ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፤ ጠርሙስ ደግሞ አይለጠጥም። ትናንት ተምረነዋል። አንቺ ተኩስ አደረግሽው።»

እናት አማተበችና ሳቀች፤ ስብርባሪውን መልቀም ጀመረች። ሳትጨርስ ያው ድምፅ ተደገመ።

«ሌላም ጠርሙስ አስገብተሽ ነበር፣ አይደል?» አለች አዜብ።

«አንድ ብቻ ነው ያስገባሁት» አለች እናት፤ ነጠላዋን አንስታ ወደ በሩ ሮጠች።