የገብሱ ወረቀት

ረቂያ ሁለተኛዋን ላም እያለበች ሳለ ጂላሊ አንድ ጆንያ ፉርሽካ በትከሻው ተሸክሞ ወደ በረቱ ገባ። የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ቡሻይብ ከተቀበረ ዘጠኝ ዓመቱ፤ በነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ይህ ሰው አንድ እፍኝ ጭድ እንኳ ይዞላት መጥቶ አያውቅም።

«ረቂያዬ፣ እንዴት አደርሽ?»

እጇ የላሟ ጡት ላይ ቀጥ አለ። እስከ ትናንት «የቡሻይብ ሚስት» ነበር የሚላት።

«አልሐምዱሊላህ፣ አቶ ጂላሊ። ምነው በማለዳ? ደኅና አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ! በዚህ ድርቅ የላሞችሽ አጥንት ገጥጦ ሳየው አንጀቴ አልችል አለ እንጂ።» ጆንያውን ዘጭ አድርጎ አወረደ። «የመኖ ዋጋ እንደሆነ እሳት ሆኗል። ደግነቱ መንግሥት ገብስ በድጎማ ሊሰጥ ነው። ስምሽን አስመዝግቤልሻለሁ፤ የቀረሽ የአውራ ጣት አሻራ ብቻ ነው።»

ከጀለቢያው ኪስ የታጠፈ ወረቀትና የማኅተም ቀለም አወጣ። ቀለሙን ሳይቀር አስቦ መምጣቱን ልብ አለች።

ጂላሊ የመንደሩ የወል መሬት ተወካይ ነው። መንግሥት መሬቱን በየሰው ስም ሸንሽኖ ካርታ ሊሰጥ ነው ከተባለ ወዲህ፣ ይልቁንም ሴቶችም በዝርዝሩ ይግቡ ከተባለ ወዲህ፣ ሰውየው እንቅልፍ የለውም። ረቂያ ለላሞቿ አልፋልፋ የምታበቅልበት የባሏ ማሳ ከእሱ ማሳ ጋር ድንበርተኛ ነው። ያ ማሳ ከሄደ ላሞቹ ይሄዳሉ፤ ላሞቹ ከሄዱ እሷ የሰው ቤት ጥገኛ ናት።

«እስቲ ያንብቡልኝ» አለችው ማለቧን ሳታቆም።

«‹ረቂያ የሐማዲ ልጅ፣ አራት ላሞች አሏት፤ የድጎማ ገብስ እንዲሰጣት ትጠይቃለች።› ይኸው ነው።»

ወረቀቱ ግን ከላይ እስከ ታች ጽሑፍ ነው። ንባቡ ላሟ ጭራዋን አንዴ እስክትወዘውዝ እንኳ አልፈጀም።

«እጄ ወተት ነው፤ ልጨርስ» አለችና ታልቦ ያለቀውን ጡት እንደ አዲስ ታልብ ጀመር። ላሟ ግራ ገብቷት ዞራ አየቻት።

የላርቢ ሞተር ድምፅ እስኪሰማ ድረስ አለበች። ላርቢ በባለ ሦስት እግር ሞተሩ ከየቤቱ ወተት ሰብስቦ ወደ ወተት ማኅበሩ ማቀዝቀዣ የሚያደርስ ሰው ነው። ማንበብ ይችላል። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወረቀቱን ከጂላሊ ተቀበለችና ወደ በሩ ወጣች።

«ላርቢ፣ ይቺን አንብብልኝማ።»

ላርቢ ወረቀቱን አየ። ቀጥሎ ከኋላዋ የቆመውን ጂላሊን አየ። እንደገና ወረቀቱን።

«ረቂያ የሐማዲ ልጅ፣ አራት ላሞች አሏት፤ የድጎማ ገብስ እንዲሰጣት ትጠይቃለች።»

አንድ ቃል አልጨመረ፣ አንድ ቃል አልቀነሰ። የወተት ደረሰኝ ሲያነብላት እንኳ የሚንተባተብ ሰው!

«ማሻአላህ፣ ዛሬስ ምላስህ ተፈታልህ» አለችው። ላርቢ አልሳቀም።

«ነይ እንግዲህ» አለ ጂላሊ ቀለሙን እየከፈተ፣ «ሰውየውን አታቁሚው፣ ወተቱ ይበላሻል።»

ረቂያ ፊደል አታውቅም። ቁጥር ግን ታውቃለች፤ ሊትሩ የሚጻፍበት ደረሰኝ በየቀኑ አስተምሯታል። ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ የላሞቿን አራት ቁጥር ከላይ ጀምራ ፈለገች። የለችም። ከመፈረሚያው ቦታ ከፍ ብሎ ግን ሌላ ቁጥር አገኘች፦ ሦስት፣ ነጥብ፣ ስልሳ።

ሦስት ሄክታር ከስልሳ። ቡሻይብ ማሳውን ሲለካ የገመዱን ጫፍ ይዛ የቆመችው እሷ ነበረች።

«አራቱ ላሞቼ የት አሉ?»

«ምን?»

«እዚህ ላይ አራት የታለች? ይቺ ሦስት ከስልሳስ ምን ትሠራለች? ላም ገብስ የምትበላው በሄክታር ነው እንዴ?»

ጂላሊ ሳቀ፤ የሳቀው ግን አፉ ብቻ ነው። «መሬትሽም ታይቶ ነዋ የሚሰጠው! አንቺ ሴትዮ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ጸሐፊ የሆንሽው? የመንግሥት ወረቀት ነው፣ ወዲህ በይ!»

እጁን ሲዘረጋ እሷ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

«የኔ ከሆነ እኔ ዘንድ ይቀመጥ። የእርስዎ ከሆነ ደግሞ የኔ ጣት ምን ያደርግለታል?»

ላርቢ ጎንበስ ብሎ የሞተሩን ጎማ ያይ ጀመር። ጎማው ምንም አልሆነም።

«ዛሬ ወተት የለኝም፣ ላርቢ» አለችው።

«ኧረ ረቂያ፣ ቢዶኑ ሙሉ ነው!»

«ይናጣል።»

ሞተሩ ሄደ። ጂላሊም ጥቂት አጉረምርሞ፣ ጆንያውን መልሶ ተሸክሞ ወጣ። ረቂያ በረቱን ዘግታ፣ በመንደሩ ማንበብ የሚችሉትን ሰዎች አንድ በአንድ አሰበቻቸው። ኢማሙ የጂላሊ አማች ነው። ባለሱቁ የጂላሊን መሬት ተከራይቶ ያርሳል። የማኅበሩ ጸሐፊ የጂላሊ እህት ልጅ ነው። ላርቢን ደግሞ ይኸው አየችው።

የላስቲክ ቦት ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ዋናው መንገድ ላይ ወጥታ ወደ ኤል ጀዲዳ ከተማ የሚሄድ ታክሲ አስቆመች። ታክሲው በሰው ታጭቋል። አጠገቧ መነጽር ያደረገች ሴት ፋይል ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ የበረቱን ሽታ ሸሽታ ወደ መስኮቱ ጥግ ብላለች።

ረቂያ መንደሩ ከኋላ እስኪሰወር ድረስ ዞር ዞር እያለች አየች። ከዚያ እጇን ደረቷ ውስጥ ከተተች።

«እኅቴ፣ ማንበብ ትችያለሽ?»

«አዎ፣ እችላለሁ።»

ወረቀቱን እስከ ግማሹ አወጣችውና ያዝ አደረገችው።

«መጀመሪያ ግን፣ የማን ዘመድ ነሽ?»