ማኅተሙ ያልተቆረጠ ሳጥን

ሰፈሩ «ዝገት» እያለ ይጠራታል። እሷም ትስቃለች፤ ምን ታድርግ፣ ሱቋን የሞላው ዝገት ነው። የመርከብ ደወል፣ ክብ የመርከብ መስኮት፣ የእንፋሎት መለኪያ፣ የጣቢያ ፋኖስ፣ አራት ሰው ተጋግዞ ያስገባው መልሕቅ። ይህን ሁሉ ትሸጣለች። የማትሸጠው ከጀርባዋ ያለውን አንድ መደርደሪያ ነው።

እዚያ ላይ የተደረደረው በሙሉ ከአንድ ባቡር የወጣ ነው። ባቡሩ ከአስራ ስምንት ዓመት በፊት ኩርባው ላይ ከሐዲዱ ወጣ። ምክትል ነጂው ወንድሟ ነበር፤ እሱና ዘጠኝ ተሳፋሪዎች ሞቱ። ዋናው ነጂ ተረፈ። «ስነዳ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ፍሬኑ እምቢ አለኝ» ብሎ ቃሉ ላይ ፈረመ፤ ፍሬኑን ሳትፈትሽ ተነሳህ ተብሎ ስድስት ዓመት ታስሮ ወጣ። አሁን መንገድ ላይ ሲያገኘው ሰው «አይ ዕድል» እያለ ከንፈር መምጠጥ ነው። አንጀቷን የሚያሳርረው ይህ ነው። ፍሬኑ እምቢ አለ የሚለውን አንድ ቀን እንኳ አምና አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት ከብረት አቅላጮቹ ግቢ፣ ከክምር ሥር፣ የባቡሩ ፍጥነት መዝጋቢ ሳጥን ተገኘ። ውስጡ የወረቀት ጥቅል አለ፤ ባቡሩ በስንት ይሮጥ እንደነበር፣ ፍሬን መቼ እንደተያዘ መርፌ እየጫረ ይጽፍበታል። የእርሳስ ማኅተሙ እንዳለ ነው። በዚህ ሥራ ማኅተም ያለበት ዕቃ ተደብቆ አይከፈትም፤ አንዴ ከተከፈተ ማንም አያምነውም። ስለዚህ ልቧ እየቸኮለ መደርደሪያው ላይ አኖረችው እንጂ ማኅተሙን አልነካችም። ወረቀቱን ማንበብ የሚችል ጡረተኛ የባቡር መርማሪ ለቅዳሜ ቀጠረች።

ወሬ መች ይደበቃል። ሰኞ ጠዋት ነጂው የሱቋ በር ላይ ቆመ።

«የእናትሽ ጉልበት ተሻላቸው?» አላት።

እንዲህ ያለ ድፍረት አይታ አታውቅም። «የመጡበትን ይናገሩ» አለችው።

«ሳጥኑን ሽጪልኝ።»

«አይሸጥም።»

በጋዜጣ ጠቅልሎ የያዘውን ፈታ። የባቡሩ ጡሩምባ ነው፤ ናሱ የተወለወለ፣ ቁጥሩ ያልጠፋ። ስንት ግቢ ዞራ ያጣችው ጡሩምባ።  የድሮ ዕቃ ሰብሳቢ ሲባል ደካማ ፍጥረት ነው፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ሲያይ የእናቱንም ስም ይረሳል።

«በዚህ ልለውጥሽ» አለ። «ግን ሳጥኑን ሳትከፍቺው።»

«ለምን ሳልከፍተው?»

ጡሩምባውን መልሶ በጋዜጣው ጠቀለለ።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለችው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ቅዳሜ ሰው ፊት ይከፈታል።»

ቤቷ ስትገባ ለእናቷ ነገረቻቸው። እናትየው ልብስ እያጠፉ ነበር፤ እጃቸው ቆመ።

«ስጪው» አሉ። «ሰውየው የሚከፍለውን ከፍሏል።»

«እማዬ፣ ልጅሽን ገድሎ?»

«የሞተ አይነሳም፤ በሕይወት ላለው እዘኚ።»

ለራሳቸው ማለታቸው መሰላት። እርጅና ሰውን ያለሰልሳል ብላ ተወችው፤ ጉዳዩንም ዳግም አላነሳችባቸውም።

ሐሙስ ከሰዓት ከጓሮ ስትመለስ ነጂው መደርደሪያው ሥር ቆሟል። ኮቱ በአንድ ጎኑ አብጧል። ወደ በሩ ሄዳ ዘጋችው፤ ከጠረጴዛው ላይ ትልቁን መፍቻ አነሳች።

«አስቀምጠው» አለች። አንቱታው እዚያው ላይ ቀረ።

ሳጥኑን ከኮቱ ሥር አወጣው።  «እግርሽ ላይ ልውደቅ፣ እህቴ። አቃጥዪው። እኔን እንደፈለግሽ አድርጊኝ፤ እሱን ግን አትክፈቺው።»

«ታስረህ ወጥተሃል። ገና ምን ቀረህና ነው የምትፈራው?»

«እፈራለሁ» አለ።  ሳጥኑን ቦታው መልሶ፣ በሩን ራሱ ከፍቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሳጥኑን ከዓይኗ አላራቀችውም። ምሳዋን የበላችው ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነው። ደንበኛ በሩን ባንኳኳ ቁጥር እቅፍ ታደርገው ነበር።

ቅዳሜ መርማሪው መነጽሩንና ማጉያውን ይዞ መጣ። እናቷንም በመኪና አስመጣቻቸው፤ እውነቱን በገዛ ጆሯቸው እንዲሰሙ። ጉልበቴን አሉ፣ ራሴን አሉ፤ እሷ ግን በጄ አላለችም። ወንበር ስባ ጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ነጂው ማንም ሳይጠራው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ይቁም» አለች። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

መርማሪው ማኅተሙን ለሁሉም አሳይቶ ቆረጠ። ጥቅሉን ዘርግቶ በጣቱ እየተከተለ፣ ቀስ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ሁሉም አፉን አፉን ያየዋል።

«ኩርባው የሚፈቅደው በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር ነው» አለ። «የተገባው በሰማንያ ስምንት ነው።»

«ፍሬኑስ?»

«ፍሬን አልተያዘም። ጭራሽ አልተነካም።»

አስራ ስምንት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው። እንባዋ መጣ፤ አፈረችበትም፣ ደስም አላት። ወደ በሩ ዞረች። «ፍሬኑ እምቢ አለኝ ብለህ ነበር። አሁንስ ምን ትላለህ?»

 ነጂው እሷን አላያትም፤ የሚያየው እናቷን ነበር።

«ቆዪ እስቲ» አለ መርማሪው ማጉያውን እያስጠጋ። «ነጂዎች ወንበር ሲቀያየሩ እያንዳንዱ የራሱን ቁልፍ ያስገባል፤ ወረቀቱ ላይ ይመዘገባል። ከመጨረሻው ጣቢያ ጀምሮ ሲነዳ የነበረው ምክትሉ ነው።»

 እናትየው ወረቀቱን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም፤ እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ።

«ና ልጄ» አሉት ነጂውን። «ቃልህን ጠብቀህልኛል፤ ከእንግዲህ ይብቃህ።»