የመጀመሪያው ስም

በሩ ሲንኳኳ ፌቨን ክው አለች። ከባትሪ ፋብሪካው በታች በሚኖሩ ሕፃናት ደም ውስጥ የእርሳስ መርዝ መገኘቱን የሚያሳየው ጥናት ዛሬ ለመጽሔቱ ይላካል። አብረዋት የሠሩት ሁለት ባልደረቦቿ ጠዋት መጥተው፣ "እባክሽ ስማችንን ከጥናቱ ላይ አውጪልን፤ የልጆች አባቶች ነን" ብለው ለምነዋታል። ለምን ብላ አልጠየቀችም። ስሙን የማይናገር አንድ ሰው ለእነሱ እንደደወለው ሁሉ ለእሷም ደውሎ፣ የእናቷን ቤት በደንብ እንደሚያውቀው ነግሯታል። አሁን ጥናቱ ላይ የቀረው የእሷ ስም ብቻ ነው።

የገቡት የክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር ዘርጋው ነበሩ። እጃቸውን ሳያስገቡበት በሰው ጥናት ላይ ስማቸውን በማስለጠፍ የታወቁ ናቸው። ፌቨን ከስዊድን በተመለሰች ሰሞን፣ ላልሠራ ሰው ስም እንደማትሰጥ በስብሰባ መሐል ነግራቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የላቸውም።

"ብቻሽን ቀረሽ አሉ" አሉ፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። "በይ የእኔን ስም አስገቢ። ካንቺ በፊት ይሁን።"

"ፕሮፌሰር! እርስዎ እኮ አንድ ብልቃጥ ደም አልቀዱም። ለመሆኑ ጽሑፉን አንብበውታል?"

"አላነበብኩትም። የፈረንጅ አገር ሕግሽን ለዛሬ ተይው።"

"በምን ሒሳብ ነው የምተወው?"

ፕሮፌሰሩ በሩን ዞር ብለው አዩ። ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

"ትናንት ለእኔም ደወሉ" አሉ። "መጀመሪያ ላይ የሚጻፈው ስም የማን ነው ብለው ጠየቁኝ። የእኔ ነው አልኳቸው።"