የአባቱ ላንቃ

የመቃብር ቦታው ለመንገድ ሊፈርስ ስለሆነ አንድ ሰውዬ የአባቱን አጽም ሊያነሣ መጣ። ሣጥኖቹ በስብሰው አጽሙ ሁሉ እንደ ቆሎ ተደባልቋል። እሱ ግን ምን ገዶት!

«የአባቴን ላንቃ ዐሥር አገር ያውቀዋል!» አለ። «መሐሉ ላይ የዶሮ እንቁላል የሚያህል አጥንት ነበረው። በዚያ ላንቃ ሲፎክር አንበሳ ራቱን ሳይበላ ያድር ነበር! ዛሬ እብነ በረድ ውስጥ ነው የማስተኛው!»

አንዱን የራስ ቅል ገልብጦ ላንቃውን ሲዳብስ ጉብታውን አገኘ። «አባባ!» ብሎ ደረቱን ደቃ።

«ኧረ ጋሼ፣ እናቴ ናት» አለች አጠገቡ ስትፈልግ የዋለች ሴት። «እሷም ላንቃዋ ላይ አጥንት ነበራት። ሹሩባዋ እንኳ እንዳለ ነው፤ ዞር አድርገው ይዩት።»

«ታዲያስ! ጀግና ሹሩባ አይሠራም?»

ሴትዮዋ ልትጮኽ አፏን ከፈተች። በእጇ ያለው ግን አንድ ባዶ ማዳበሪያ ነው፤ እናቷን የምታሳርፍበት ቦታም የላትም። ደጅ የቆመውን በአበባ ያጌጠ መኪና፣ ጥላ ዘርግተው የሚጠብቁትን ካህናት አየች።

«ለካ ተሳስቻለሁ፤ የርስዎ አባት ናቸው» አለችና ቅሉን ግንባሩ ላይ ሳመችው። «በየዓመቱ መጥቼ ባለቅስ ቅር ይልዎታል?»

«ምን ቅር ይለኛል! ለአባቴ ያላለቀሰ ማን አለ!»