የበጋ ጃኬት

“ይቀመጡ እማማ” ይለኛል ባለ ጃኬቱ፣ ከወንበሩ ተነስቶ። እቀመጣለሁ። ትራሙ ወደ ግራሳ ሰፈር ሽቅብ ሲያዘግም ጉልበቴ መቆም አይችልም፤ እሱም ይህን ያውቃል።

ሌባ ነው። እኔም አውቃለሁ፣ ሾፌሩ አርሚንዶም ያውቃል። እንደማናችንም የወር ትኬት ቆርጦ ስለሚሳፈር ግን ማንም አያስወርደውም። በዚህ ሐሩር ጃኬት ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ የሚሄድ የሊዝበን ሰው የለም፤ ከሥሩ እጁን የሚደብቅ ካልሆነ በቀር።

አጠገቡ የቆመችው ልጅ ፌምከ ትባላለች። ስሟን ያነበብኩት ከፖስታ ሳጥኗ ላይ ነው። ከሆላንድ መጥታ ከእኔ በላይ ያለውን ቤት ከተከራየች ወር ሊሞላት ነው። ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ ሰላም እላታለሁ፤ ጆሮዋን በማዳመጫ ደፍና፣ ዓይኗን ስልኳ ላይ ተክላ ታልፈኛለች። እዚህ አገር ጎረቤቱን ሰላም የማይል የለም፤ ይቺ ግን ግድግዳ ያደረገችኝ ይመስለኛል።

ዛሬ ደስ ብሏታል። የነዋሪነት ምዝገባ ወረቀቷን ተቀብላ መመለሷ ነው፤ ወረቀቱን በስልኳ ለምታናግረው ሰው ከፍ አድርጋ እያሳየች ትስቃለች። ከዚያ ፓስፖርቷ ውስጥ ትሸጉጠውና ሁለቱንም አፉ በተከፈተ ቦርሳዋ ውስጥ ትጥላቸዋለች። ባለ ጃኬቱ ጠጋ ይላል።

ክንዷን ቀስ አድርጌ እነካለሁ። “ልጄ፣ ቦርሳሽን ዝጊው” እላታለሁ፣ ቋንቋው ካልገባት ብዬም በጣቴ አሳያታለሁ። ደንገጥ ብላ ጥቁር እጄን ታያለች፣ ቀጥሎ ፊቴን። ቦርሳዋን ከእኔ አሽሽታ በሌላው ጎኗ ታደርገዋለች። በእሱ በኩል።

“አይዞሽ” ይላታል ባለ ጃኬቱ በእንግሊዝኛ። “እንዲህ ዓይነቶቹን ነው መጠንቀቅ።” ታመሰግነዋለች።

ይህን ያህል እንግሊዝኛ አይጠፋኝም። ደሜ ይፈላል። ከኬፕ ቨርዴ መጥቼ እዚህ ከተማ ፀጉሬ ሸብቷል፣ ልጆች ወልጄ ድሬበታለሁ፤ ትናንት የመጣች ልጅ ከሌባ ጋር ሆና ከእኔ ትጠነቀቃለች!

ትራሙ ይቆማል። ባለ ጃኬቱ ሊወርድ ሲል ተነስቼ ጃኬቱን በሁለት እጄ እጨመድደዋለሁ። ይጎትታል፤ እጎትታለሁ። የልጅቷ ፓስፖርት ከሥሩ ሾልኮ እግሬ ሥር ይወድቃል። ሰውየው ጃኬቱን ትቶልኝ ይወርድና ቁልቁለቱን ይሸመጥጣል።

“ሌባ!” እላለሁ። ትራሙ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ኪሱን ይይዛል፣ ኪሱን ይዞም እኔን ያያል። ፌምከ ፓስፖርቷን ከእግሬ ሥር ትመነጭቀዋለች። “አታፍሪም?” ትለኛለች በእንግሊዝኛ። አርሚንዶ በመስታወቱ ያየኛል።

“ዶና ኢዳሊና” ይላል፣ “ምን አገባዎት?”

በሩን ዘግቶ ይነዳል።

ፌርማታችን ላይ ሁለታችንም እንወርዳለን። እኔን ታስቀድመኛለች፤ ከኋላዋ እንድሆን አትፈልግም። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩቁ ትከተለኛለች። እኔ ወደ ሰፈራችን ስታጠፍ እሷ ርምጃዋን ትቀንሳለች፤ የሕንፃችን በር ላይ ስቆም እሷም መንገዱ መሃል ቀጥ ትላለች።

ቁልፌን አውጥቼ እከፍታለሁ። በሩን በትከሻዬ ደግፌ እዞራለሁ። “እንደምን ዋልሽ” እላታለሁ።

መጀመሪያ ቁልፉን ታያለች። ቀጥሎ ክንዴ ላይ የቀረውን የወንድ ጃኬት ታያለች፣ እሱን ብዙ ታየዋለች። ፊቷ ይቀላል። እጇ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዋ ይሄድና ማዳመጫዋን ታወጣለች፤ ያልኩትን እንድደግምላት ትጠብቃለች።

በሩ ከባድ ነው። ይዤላት እቆማለሁ፤ ሰላምታዬን ግን አልደግምም።