ወይራ የሚያለሰልስ እጅ

ሦስተኛው ብርጭቆ ወረቀት እጁ ላይ ተቀደደ። አናጢው ቁራጩን ወርውሮ ላቡን በክንዱ ጠረገ። የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የወይራ ዱቄት ጠጥቶ ልሙጥ ሆኗል። ጠረጴዛው ደግሞ ገና ግማሹ አልተነካም።

ጠረጴዛውን የሚስቱ አባት ጀምረውት ነው የሞቱት። የጠረጴዛው ባለቤት ነገ ጠዋት መጥቶ ልስላሴውን በመዳፉ ይፈትሻል። «የሽማግሌው እጅ ካልሆነ እንጨቴን እወስዳለሁ» ብሏል። ከወሰደ ደግሞ ሰፈሩ «ሙያው ከሽማግሌው ጋር ተቀበረ» ማለቱ አይቀርም፤ ለሐሜት ማን ሰንፎ ያውቃል።

የሚስቱ እናት ምሳውን ይዘው ገቡ። ባለፈው ሳምንት መታወቂያ ሊያሳድሱ ይዟቸው ሄዶ፣ የአሻራ መሣሪያው አሥሩንም ጣቶቻቸውን እምቢ ብሎ ነበር። ጸሐፊው «እማማ፣ አሻራዎን የት አደረሱት?» ሲል ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ?»

«ወረቀቱ ነው እማማ። የዛሬ ዕቃ ለወሬ ነው የሚሠራው።»

«እየተጫንከው እኮ ነው። ወረቀቱ ራሱ ይብላ፣ አንተ ምን አስጨነቀህ?» ሳህኑን አስቀመጡና ግድግዳውን ቃኙ። «ሚስማሩ ላይ የነበረው የጎማ ሶል የት ሄደ?»

አናጢው ጆሮውን አከከ። ሱቁን የተረከበ ዕለት ከቆሻሻው ጋር አውጥቶታል።

«ጣልኩት።»

አልተቆጡም። በርጩማው ላይ ተቀመጡና የግራ ጫማቸውን አወለቁ። አናጢው ሳቁን ዋጠ። ወረቀቱን ዘርግተው የጫማውን ጎማ እንደ ላጲስ አሹበት። የታመቀው ዱቄት እየተንከባለለ ወጣ፤ ሻካራው ፊት ተመልሶ ታየ። ከዚያ እንዳይቀደድ ጀርባውን በፕላስተር ለበጡት።

ጠረጴዛው ላይ ሲያጎነብሱ ጭራሽ አልተጫኑም፤ ሕፃን የሚያሻሹ ነበር የሚመስሉት። ጥቂት ያሻሉ፣ ወረቀቱን በጫማው ያጸዳሉ፣ ደግሞ ያሻሉ። ያ አንድ ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ዘለቀ። የወይራው ጥቁርና ቢጫ መስመር ከውስጥ እየፈካ መጣ። አናጢው ቀረብ አለ። መዳፉን ቢያሳርፍበት ያው የሽማግሌው ልስላሴ ነው፤ እሱ ስንት ዓመት ሞክሮ ያቃተው።

«እማማ፣ ይሄ እኮ የሳቸው እጅ ነው።»

«እሱማ ይቆርጥ፣ ይገጥም ነበር። ማለስለስ ላይ ትዕግሥት አልነበረውም፣ ነፍሱን ይማረው።» ጫማቸውን አጠለቁ። «ሠላሳ ዓመት ምሳ ብቻ ይዤ የተመላለስኩ መሰለህ? በል፣ ጠርዙ የአንተ ነው።»

ወረቀቱን ዘረጉለት። አልተቀበላቸውም፤ እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። አሥሩም የጣታቸው ጫፎች እንደ ጠረጴዛው አብለጨለጩ። አንድም መስመር አልነበረባቸውም።