ሳል

ጡረተኛው ሾፌር የልቡ ደም ስር ድንገት ተዘግቶ በአስቸኳይ ደረቱን ከተቀደደ ወዲህ፣ ሲያስለው ስፌቱ እንዳይላቀቅ ትራስ አጥብቆ ያቅፋል። ሐኪሙ ለሚስቱ፣ "ሳሉ ከባሰበት ሳንባው ውሃ ቋጥሮ ይሆናልና ቶሎ አምጪው" ብሏታል።

ሰሞኑን ከማድ ቤት ሆና ሳሉን እየሰማች ስትጠይቀው ይክዳታል።

"ሆስፒታል መመለሱን ፈርተህ ነው የምትደብቀኝ!"

"በልጆቼ ሞት፣ አልሳልኩም!"

አላመነችውም።

ዛሬ ጠዋት ሳሎን አስቀምጣ ጢሙን እየላጨችው ሳለ፣ ከመኝታ ቤት ያ ሳል መጣ። እጇ ምላጩን እንደያዘ ቀረ።

"እኔ እኮ አንቺ ትመስይኝ ነበር" አላት ቀስ ብሎ።

ገብታ አየች። አልጋው ላይ ከትራሱ በቀር ምንም የለም። አንስታ ደረቷ ላይ ስታስጠጋው ሞቃት ነበር።

እቅፏ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሳለ።